የዮርዲስ ባዶ ባሕር

ዮርዲስ ማልምግሬንን ለማስቆጣት ረጅም ነገር አያስፈልግም ነበር። «ያንቺን ፕሮግራም የሚያነብ ሰው የለም» ማለት ብቻ ይበቃል። ያን ጊዜ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ ታደርግና፣ «አለማንበብ ከመቼ ጀምሮ ነው የጸሐፊው ጥፋት የሆነው?» ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚከተለው ንግግር ነገሩን ላነሳው ሰው የሚበጅ አልነበረም።

እኔ ያወቅኋት ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ፣ ማዮርና በተባለው ሰፈር፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ማኅበራችን በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ከሥራ መልስ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ክፍሉ ከነዋሪዎቹ ልብስ ማጠቢያ ጋር በግድግዳ ይዋሰናል። ማጠቢያው ልብስ መጭመቅ ሲጀምር ጠረጴዛችን ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሚናገረው ሰው ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ሄል የገባበት ጣፋጭ ዳቦ፣ በቴርሞስ የመጣ ቡና፣ በር ላይ የተደረደረ እርጥብ ጫማ፤ ስለዚያ ዘመን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይህ ነው። ከባንክ የሚመጣ ነበረ፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ነበረ፤ አንዳንዴም ከኡትሬክት ወይም ከግላስጎ ለሌላ ጉዳይ የመጣ እንግዳ አድራሻችንን አጠያይቆ ይገባ ነበር።

አንድ ያደረገን የፕሮግራም አጻጻፋችን ነው። ሌላው ዓለም ፕሮግራም የሚጽፈው በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚጻፍ ነው፤ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ በላዩ ላይ ሌላ ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ አሁን ያለው ቁጥር ቀድሞ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደለወጠው አይታወቅም። እኛ ግን የምንጽፈው በልጅነታችን የሒሳብ መጽሐፍ ላይ እንደተማርነው ነበር። እዚያ መጽሐፍ ላይ «ሀ አምስት ይሁን» ከተባለ፣ እስከ ገጹ መጨረሻ አምስት ነው፤ መምህሩ ዞር ባሉ ጊዜ ስድስት አይሆንም። ፋንክሽን የሚባለውም ለአንድ ጥያቄ ዛሬም ነገም ያንኑ መልስ የሚመልስ ነው። ሰዓት ሰርቆ አያይም፤ በጓዳ በር ሄዶ መዝገብ አይነካም። በዚህ ዓይነት መጻፍ ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ይባላል። ብዙ ሰው ለፈተና ተምሮት ይረሳዋል። እኛ እንጀራችንን በዚሁ እናወጣለን እያልን እንኩራራ ነበር፤ ከሁላችንም ይልቅ የምትኩራራው ደግሞ ዮርዲስ ነበረች።

ሊሴሺል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ነች። አባቷ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ሒሳብ ተምራ፣ ጥቂት ዓመት አስተምራ፣ ርእሰ መምህሩን «ልጆቹን ማስሸምደድ ከፈለግህ በቀቀን ግዛ» ብላ ከትምህርት ቤት ወጣች። ከዚያ ወደ ደሴቶቹ ሰው በሚያመላልስ አንድ የጀልባ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። የጉዞ ሰሌዳውን የሚያወጣውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፈችው እሷ ነች። የትኛው ጀልባ የት እንደሚያድር፣ የትኛው ካፒቴን መቼ እንደሚያርፍ፣ ማዕበል ሲነሣ የትኛው ጉዞ እንደሚቀር፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው ያ ፕሮግራም ነበር። የሔርኖ ደሴት ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት፣ አሮጊቶቹም ሐኪም ቤት የሚሄዱት በእሱ ነው። ስሟን ግን አንዳቸውም አያውቁም፤ እሷም አልከፋትም።

ከዕለታት አንድ ቀን ለድርጅቱ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። ጶንጦስ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈገግታው ቀና፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። የመጀመሪያ ንግግራቸውን ዮርዲስ ራሷ ነች የተረከችልን፤ የእሱን ድምፅ እያስመሰለች።

«ዮርዲስ፣ ካንቺ ሌላ ይህን ቋንቋ የሚያውቅ እዚህ ከተማ ስንት ሰው አለ?»

«በየወሩ አንድ ምድር ቤት ይሞላል።»

«እኔ የምለው መቅጠር የምችለውን ነው።»

«ማስታወቂያ አውጥተህ ታውቃለህ?»

«እሺ፣ አንቺ ጡረታ ስትወጪስ?»

«ስወጣ ትጠይቀኛለህ። አሁን ተቀምጫለሁ።»

ጶንጦስ ግን ቆርጦ ነበር። ሁሉም ሰው በሚያውቀው ቋንቋ አዲስ ፕሮግራም እንዲጻፍ ለሌላ ድርጅት ሥራ ሰጥቶ ኖሯል። አዲሱ ከገና በፊት ጀልባዎቹ ላይ ሊውል፣ የዮርዲስ ሊዘጋ ነበር። ይህን በስብሰባ ላይ ሲናገር ዮርዲስ ተነሣች።

«ያንተን ወደ ምድር ቤታችን አምጣው» አለችው። «የኔንም አመጣለሁ። በማኅበራችን ሥርዓት ይፈተሹ።»

«የኔ ፈተናውን ካላለፈ ጀልባ ላይ አላወጣውም» አለ ጶንጦስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ስለሆነ ፈገግ ብሎ። «ያንቺ ከፈረሰስ?»

«ወንበሬን እለቃለሁ። የሠራተኛ ማኅበሩንም ጠርቼ አላስቸግርህም።»

ወሬውን ስንሰማ ቦርዬ ራሱን ያዘ። ቦርዬ የማኅበራችን አንጋፋ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ሲጽፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ቀልዱ የማያልቅ ሰው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ምን አደረገሽ? ያረጀ ካልሲ ብታስይዢ አይሻልም?»

«ካልሲዬን ማን ይፈልገዋል?»

«የኔ እናት፣ ወንበርሽንስ ማን ይፈልገዋል? መንኮራኩሩ ተሰብሯል!»

ሥርዓታችን እንዲህ ነው። ፕሮግራም ይዞ የመጣ ሰው አስቀድሞ ሕግ ይጽፋል፤ በፕሮግራሙ ላይ ሁልጊዜ እውነት መሆን ያለበትን ነገር ማለት ነው። ከዚያ ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የፈለሰፈውን ነገር ሁሉ እየወረወረ ሕጉን ሊያፈርስ ይሞክራል። ካፈረሰው፣ ያፈረሰበትን ነገር እየሸራረፈ፣ እያሳነሰ፣ ከዚያ በታች ሊያንስ የማይችል ትንሽ ምሳሌ አድርጎ ያወጣዋል። ያን ጊዜ የፕሮግራሙ ባለቤት ብድግ ብሎ ምሳሌውን ጮክ ብሎ ያነባል። ባለቤቱ እንጂ ሌላ ሰው አያነብለትም። ተነብቦ ሳያልቅ መሳቅ ነውር ነው፤ ካለቀ በኋላ አለመሳቅ ነውር ነው። ዳቦው ሳያልቅ ስለ ረቂቅ የሒሳብ ቲዎሪ ያነሣ ሰው ደግሞ ኩባያ ያጥባል።

በዚያ ማክሰኞ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ጶንጦስ ኮቱን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አዲሱን ፕሮግራም የጻፈው ቬርነርም መጥቷል፤ ከማልመ የመጣ ቀጭን ጎልማሳ ነው። ጫማውን አውልቆ ሲገባ የካልሲው ቀዳዳ ታየና ቦርዬ «ይህ የኛ ሰው ነው» አለ።

መጀመሪያ የቬርነር ቀረበ። ሕጉ «አንድ ካፒቴን በአንድ ጊዜ በሁለት ወደብ አይገኝም» የሚል ነበር። ቦርዬ ግን ወደዚያ ከመግባቱ በፊት፣ «እስቲ አንድ ጥያቄ ሁለቴ እንጠይቀው፤ መልሱ አንድ መሆን አለበት» አለ። ሁለቴ ተጠየቀ። ቬርነር ስክሪኑን አየና ጆሮው ቀላ። ሆኖም ሥርዓቱን ነግረነው ስለነበር ብድግ ብሎ አነበበ።

«አንድ ጀልባ። አንድ ካፒቴን። ወደ ሔርኖ አንድ ጉዞ። ይህ ጉዞ ይቻላል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ይቻላል አለ። ያንኑ ጥያቄ ስደግመው... ጀልባው ሄዷል አለ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«መጠየቁን እንደ መሳፈር ቆጠረው እኮ!» አለ ቦርዬ እንባውን እየጠረገ። «ወንድሜ፣ የዚህ ፕሮግራም ባል መሆን ከባድ ነው። 'ገበያ ልሂድ?' ብለህ ገና ስትጠይቃት፣ 'እስካሁን የት ቆየህ?' ትልሃለች!»

ቬርነር ራሱ ሳቀ። «ሲጠየቅ መዝገቡ ውስጥ ይጽፋል» አለ። «የሚጽፍበት ቦታ ብዙ ነው። ሁሉንም አላውቀውም።»

ጶንጦስ አልሳቀም። «ይህ ፍትሕ አይደለም። በሥራ ላይ አንድ ነገር ሁለቴ የሚጠይቅ ማን ነው?»

«ተሳፋሪ» አለች ዮርዲስ።

ተራው የእሷ ሆነ። የእሷም ሕግ ከቬርነር ጋር አንድ ነው፤ አንድ ካፒቴን በአንድ ጊዜ በሁለት ወደብ አይገኝም። ይህን ሕግ ለዓመታት ስታስፈትሸው ኖራለች፤ አንድም ቀን አልፈረሰም። ቦርዬ ቁልፉን ተጫነ። ኮምፒውተሩ ወረወረ፣ ወረወረ፣ ጨረሰ። ሕጉ ሳይፈርስ ቆሟል! ጠረጴዛ ተደበደበ፣ አንዱ አፏጨ፣ ዳቦው ዞረ። ጶንጦስ ትከሻውን ሰብቆ ከወንበሩ ተነሣ።

ዮርዲስ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም።

«ቦርዬ፣ ፈጠነብኝ።»

«ጎበዝ ስለሆንሽ ነው። ቁጭ በይ።»

«የሞከራቸውን የጉዞ ሰሌዳዎች አሳየኝ።»

«ዮርዲስ፣ አሸንፈሻል። ዳቦሽን ብዪ።»

«አሳየኝ አልኩህ!»

ቦርዬ እያጉረመረመ አሳያት። የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ምንም ጀልባ የለም። ሁለተኛው ላይም የለም። ወደ ታች ብንወርድ ብንወርድ፣ ጀልባ የሌለበት ባሕር፣ ካፒቴን የሌለበት ወደብ ብቻ ነው። ከስንት አንዴ አንዲት ጀልባ ብቅ ትላለች፤ እሷም እንደታሰረች ትቀራለች።

ነገሩ ለኛ ወዲያው ገባን። የዮርዲስ ሕግ ግን በፊቱ «ሰሌዳው የተስተካከለ ከሆነ፣ ካፒቴኖቹም ዕረፍት አግኝተው ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በዘፈቀደ ከተፈለሰፉት ሰሌዳዎች ውስጥ ይህን የሚያሟላ ከየት ይገኛል? ኮምፒውተሩ ያላሟሉትን ሁሉ እየጣለ፣ ምንም ስለሌለበት ብቻ ምንም ያላጎደለውን ባዶ ሰሌዳ ሲፈትን ኖሯል። ሕግ ጽፎ የማያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም። ይህ የኛ የራሳችን በሽታ ነው፤ ሕጉን እናምናለን፣ በምን ላይ እንደተፈተነ መጠየቅ እንረሳለን።

«ባዶ ባሕር ላይ ነው ስፎክር የኖርኩት» አለች ዮርዲስ።

«እና ምን ይሁን?» አለ ቦርዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሕጉ ቆሟል፤ ውርርዱም አልቋል። የቀረውን ነገ ጓዳሽ ውስጥ ታስተካክይዋለሽ።»

«ተነሥ ከዚያ ወንበር።»

አስነሥታው ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ መጀመሪያውኑ የተስተካከለ ሰሌዳ ብቻ እንዲፈለስፍ አድርጋ ጻፈችለት፤ ጀልባ ያለበት፣ ካፒቴን ያለበት፣ ሌሊትና ቀን፣ ክረምትና በጋ ያለበት። ግድግዳው ወዲያ ያለው ማጠቢያ መጭመቅ ጀመረ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። እሷ ግን መጻፏን አላቆመችም። ጶንጦስ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቶት ተመልሶ ተቀመጠ።

ባሕሩ ሞላ፤ ሕጉም ፈረሰ።

ቦርዬ ከኋላዋ ቆሞ ስለነበር ቀድሞ አየው። በሰፊ መዳፉ ስክሪኑን ጋረደና፣ «መብራት ጠፋ» አለ።

«መብራቱ በርቷል። እጅህን አንሣ።»

«ዮርዲስ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የሠራሽው ነው፤ ስለ እግዜር!»

«አንሣ!»

አነሣ። ዮርዲስ ብድግ አለች፤ መነጽሯን ወደ ዓይኗ መለሰች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ጥርት ያለ ነበር።

«አንድ ጀልባ። አንድ ካፒቴን። አገሩ ሁሉ በዓመት አንዴ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመልስባት የመከር ሌሊት፣ ሔርኖ ይደርሳል። በዚያችው ደቂቃ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ያው ካፒቴን ከተማው ወደብ ላይ ተሳፋሪ እየጫነ ነው።»

በዚያች ሌሊት የሔርኖ ጀልባ ሲዘገይ ዕድሜ ልካችንን በንፋሱ ስናሳብብ ኖረናል። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«ሳቁ እንጂ!» ብላ ጮኸችብን። «ሥርዓታችን ለሌላ ሰው ብቻ ነው እንዴ? በቬርነር ስትስቁ አልነበረም?»

ቦርዬ አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ሚስኪን ካፒቴን፣ የትርፍ ሰዓቱን እንኳ አልከፈልሽውም» አለ። ያን ጊዜ ሳቅን፤ የተቆራረጠ ሳቅ።

«ስለዚህ ሁለቱም ፈረሱ» አለ ጶንጦስ። ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበር። «እኩል ነን ማለት ነው።»

«ፈርሰዋል፤ እኩል ግን አይደሉም» አለች ዮርዲስ። «የኔ ሲዋሽ የት ላይ እንደዋሸ ተናገረ። መቶ ጊዜ ብትጠይቀው ያንኑ ይነግርሃል። ያንተ ሁለተኛ ስትጠይቀው ሌላ ሰው ነው።»

«ዮርዲስ፣ ጉዳዩ እኮ ይህ አይደለም። ነገ የሚያነበው ሰው የለም ነው የምልሽ።»

በዚህ መሐል ቬርነር ዳቦውን እንደያዘ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ ነበር። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ በጣቱ መስመር እየተከተለ ያያል። «ይቅርታ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ጋ አይደለም እንዴ? ጉዞው የሚቆይበትን ጊዜ የምትደምሪው በከተማው ሰዓት ላይ ነው። ከተማው ሰዓቱን ሲመልስ አብረሽ ትመለሻለሽ። ለሒሳቡ ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት ወስደሽ፣ የከተማውን ሰዓት ለተሳፋሪው ስታሳዪ ብቻ ብትጠቀሚ...»

ዮርዲስ ወደ ጶንጦስ ዞረች።

«አነበበ» አለች።

ጶንጦስ ዞሮ ቬርነርን አየው።

«ዛሬ ገና ያየው ሰው ነው። እዚህ ቆሞ፣ ዳቦ እየበላ አነበበው። ከእንግዲህ ሌላ ሰበብ ፈልግ፤ ይሄኛው አልቋል።»

ቬርነር እንዳለው አድርጋ ጥቂት መስመር ለወጠች። ቦርዬ ቁልፉን ተጫነ። በሞላው ባሕር ላይ፣ ከነመከሩ ሌሊት፣ ሕጉ ቆመ። የሞከራቸውን ሰሌዳዎች ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ከላይ እስከ ታች አሳየችን፤ ባሕሩ በጀልባ ተሞልቶ ነበር። ያን ጊዜ አጨበጨብን። እሷ ግን ኮቷን እየለበሰች ነበር።

«ቃሌን አልረሳሁም፤ ወንበሩን ውሰድ» አለችው ጶንጦስን። «ያንተንም ቃል አትርሳ። ያንተ አልቆመም፤ ጀልባ ላይ አይወጣም። የኔ ይቆያል። ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከፈለግህ ደግሞ ይኸው፣ ማንበብ ይችላል።»

«ማንም አያስገድድሽም!» አለ ቦርዬ። ቬርነርም፣ «እኔ የሰው ወንበር አልፈልግም» አለ። ጶንጦስ እንኳ እጁን አወናጭፎ፣ «የስብሰባ ንግግር ነው እኮ ዮርዲስ፣ ማን እንደ ቁም ነገር ወሰደው?» አለ።

«እኔ» አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ጶንጦስ ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። አዲሱ ፕሮግራም ቀረ። የሰው ወንበር አልፈልግም ያለው ቬርነርም በመጨረሻ እሺ አለ፤ ዮርዲስ አጠገቧ አስቀምጣ ክረምቱን ሙሉ አስጠናችው። እንዲህ ነው ብላ አትነግረውም ነበር፤ «ሕጉን ንገረኝ» ትለዋለች፤ ሲነግራት ደግሞ፣ «በምን ላይ ሞከርከው?» ትለዋለች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ጠረጴዛዋን አጸዳች።

የስንብቱ ዕለት እኔና ቦርዬም ተጠርተን ቢሮው ድረስ ሄድን። ወጉ የታወቀ ነው፤ አበባ፣ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ኬክ፣ የኃላፊው ንግግር። ኬኩ አናት ላይ ከስኳር ሊጥ የተሠራች አንዲት ሮዝ ጽጌረዳ አለች። ሁሉም ሰው በዓይኑ ይመኛታል፤ ደፍሮ የሚያነሣት ግን የለም፤ በመጨረሻ ለኃላፊው ትቀራለች።

ጶንጦስ ንግግሩን ጀመረና መሐል ላይ ወረቀቱን አጠፈው።

«እውነቱን ልናገር» አለ። «ያን ማክሰኞ ዝም ብትዪ ኖሮ እኔ ምንም አላውቅም ነበር። እዚህ ከተሰበሰበው ሰው ማንም አያውቅም ነበር። ፕሮግራምሽም ወንበርሽም ይቀሩልሽ ነበር።»

«አንተ አታውቅም ነበር» አለች ዮርዲስ። «ወንበሩ ላይ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»

«አሁንም እኮ አልረፈደም። ቆዪ ብልሽስ?»

ቦርዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ቬርነር ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አያት፤ እሺ እንድትል የጓጓ ይመስለኛል።

ዮርዲስ ወደ ኬኩ ሄደች። ቢላዋውን ትታ ያቺን ጽጌረዳ በጣቷ ብድግ አደረገችና አፏ ውስጥ ከተተቻት። ጶንጦስን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ ሳትቸኩል አላመጠቻት።

«የስንብት ንግግርህን ቀጥል» አለችው አፏ እንደሞላ። «እየሰማሁህ ነው።»